ይህ መብራት የት ነው የሚሄደው?

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሙያሽ ውጪ የሆነ ነገር ተናገሪ፤ የሕክምናውንማ ስንሰማው ነው የከረምነው» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከሙያዬ ውጪ አንድ ሰዓት ላወራበት የምችለው ነገር ምን እንደሆነ ሳስብ፣ አንድ ብቻ አገኘሁ። እሱም የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ትስቃላችሁ አይደል? ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባ የተመላለስኩበት፣ ፊርማ ያሰባሰብኩበት፣ ከጎረቤት የተኮራረፍኩበት ጉዳይ ነው። ከፊት ወንበር ላይ የኢንጂነሪንግ ተመራቂዎችን አያለሁ። ስሳሳት አርሙኝ፤ ብቻ ቀስ ብላችሁ።

ነገሩን ከምኖርበት አገር ሳይሆን ከዚህ ልጀምረው። ተመርቀን እንደወጣን የተመደብኩበት ሆስፒታል፣ ስሙን ልተወው፣ ከአጥሩ ጀርባ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ያልፍ ነበር። የብረት ምሰሶዎቹ ከኮረብታ ኮረብታ እየተረማመዱ የሚሄዱ ይመስላሉ። ጭጋግ በሆነ ማታ እዝዝዝ ሲል ከግቢው ይሰማል። ሆስፒታሉ ግን መብራት የሚያገኘው ከሱ አልነበረም። ከሩቅ ማከፋፈያ ጣቢያ በእንጨት ምሰሶ ተንጠልጥሎ ከሚመጣ ቀጭን መስመር ነበር። ነፋስ ሲነፍስ መብራት ይሄዳል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይሄዳል፣ አንዳንዴም እንዲሁ ያለ ምክንያት ይሄዳል።

አንድ ሌሊት 1,600 ግራም የሚመዝን ጨቅላ ኦክስጅን ላይ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ፤ የኦክስጅኑ ማሽን ጩኸቱን አሰምቶ ዝም አለ። ጄኔሬተር አለን፣ ናፍጣም አለን። የጄኔሬተሩን ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው ግን ለቅሶ ሄዷል። እኔና አንዲት አዋላጅ ነርስ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ በየተራ፣ በአምቡባግ እየረዳነው ቆየን። እናቱ ደረቷ ላይ አድርጋ ታሞቀዋለች። ቁልፉ የተገኘው ሊነጋ ሲል ነው። ልጁ ከዚያ በፊት አርፏል።

አባትየው ገበሬ ነበር። ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳያለቅስ፣ መስመሩን ሲያይ አገኘሁት። «ዶክተር» አለኝ፤ «የዚያኛው ብረት እግሩ ያረፈው የኔ ማሳ ላይ ነው። ይህ መብራት የት ነው የሚሄደው?»

ወደ ከተማ አልኩት። የትኛው ከተማ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

አሁን ወደምኖርበት ልውሰዳችሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ላውደን ካውንቲ ነው የምኖረው። ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ምዕራብ ነው። የኛ ሰው ብዙ እንደሚኖርበት ታውቃላችሁ፤ እዚህ ካላችሁት ውስጥም ዘመዱ እዚያ አካባቢ የሌለ ጥቂት ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ በሌላም ነገር ይታወቃል። በዓለም ላይ የዳታ ሴንተር ሕንፃዎች በአንድ አካባቢ ከማንኛውም ቦታ በላይ የተሰበሰቡት እዚያ ነው። መስኮት የሌላቸው፣ መጋዘን የሚመስሉ ትላልቅ ሕንፃዎች ናቸው። የምትልኩት ፎቶግራፍ፣ የምታዩት ቪዲዮ፣ አሁን ደግሞ ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው፣ ብዙው በነሱ ውስጥ ያልፋል። መብራት ይጠጣሉ። ያንን መብራት ለማድረስ ነው አንድ ቀን በፖስታ ደብዳቤ የደረሰን፦ 500 ኪሎቮልት የሚሸከም መስመር በሰፈራችን ጥግ ሊያልፍ ነው ይላል።

እውነቱን ልናገር፤ ደብዳቤውን አንብቤ ሳልጨርስ ነው የተቃወምኩት። ቤቱን የገዛነው በዕዳ ነው፤ ከጀርባው ዛፍ አለው። ጎረቤቶቼ የተቃውሞ ፊርማ ሲያሰባስቡ እኔም የሐበሻውን ቤት እያንኳኳሁ አስፈረምኩ። በቡና ላይ፣ በክርስትና ድግስ ላይ ሳይቀር አስፈርሜያለሁ። ያ አባት ትዝ ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያ አላፍርም አልልም።

ከዚያ ነው ማንበብ የጀመርኩት። መንግሥት መስመር የሚያልፍበትን ቦታ ለብቻው ለይቶ «ኮሪደር» ብሎ መሰየም እንደሚችል ያወቅሁትም ያኔ ነው። ኮሪደር ስል የአዲስ አበባው እንዳይመስላችሁ! (እዚህ ላይ ማንም ቤቱ ይፈርሳል ብሎ አይደንግጥ።) ይህኛው ሙሉ ስሙ «ብሔራዊ ጥቅም ያለው የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ኮሪደር» ነው። ታሪኩ አስተማሪ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ በሽታው። መስመር መሸከም የሚችለው ልክ አለው። ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲረዝም ወደ መሬት ይረግባል። ስለዚህ የመስመሩ ልክ ሲሞላ የቁጥጥር ማዕከሉ ራቅ ብሎ ያለውን ርካሽ የኃይል ማመንጫ «ቀንስ» ይለውና ከተማው አጠገብ ያለውን ውድ ማመንጫ «ተነሳ» ይለዋል። መብራቱ አልጠፋም፤ ሂሳቡ ግን ጨመረ። የመስመር መጨናነቅ የሚባለው ይሄ ነው። የልብ ሐኪሞቻችን የጠበበ የደም ሥር ነው ብለው ቢያስቡት ብዙም አይሳሳቱም። ሰውየው ቁጭ ሲል ደህና ነው፤ ዳገት ሲወጣ ነው የሚያመው። የኤሌክትሪክ ዳገት ደግሞ የነሐሴ ሙቀት ነው፤ ሁሉም አየር ማቀዝቀዣውን የሚከፍትበት።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ካለፈ ጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳዋ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው መብራት ጠፋ። ኒው ዮርክ ሰው በእግሩ ድልድይ እያቋረጠ ወደ ቤቱ ሄደ። መነሻው ኦሃዮ ነበር። የረገቡ መስመሮች ያልተከረከመ ዛፍ ነኩ፤ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ደግሞ የማስጠንቀቂያው ሶፍትዌር ሳይታወቅ ሥራ አቁሞ ነበር። አስተውሉ፤ የአሜሪካና የካናዳ አጣሪ ቡድን ያገኘው ችግር በዋናነት የመስመር እጥረት አይደለም። ዛፍ ያለመቁረጥና የሚሆነውን ያለማወቅ ነው። ነገር ግን ከዚያ ጨለማ በኋላ «መስመር እንሥራ» የሚለው ድምፅ በረታ። እኛም ጋ አንድ በሽተኛ ሲሞት ሆስፒታሉ ከምርመራው በፊት አዲስ ማሽን ይገዛ የለ?

በ2005 የወጣው የኢነርጂ ሕግ ለኢነርጂ ሚኒስቴሩ ሁለት ነገር አዘዘው። አንደኛ፣ በየሦስት ዓመቱ የመስመር መጨናነቅን ያጥና። ሁለተኛ፣ መጨናነቅ በጠናበት ቦታ ኮሪደር መሰየም ይችላል። ስያሜው ለብቻው ምሰሶ አያቆምም። ጥርሱ ያለው ቀጥሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ መስመር በዚህ በኩል ይለፍ፣ አይለፍ የሚለው የግዛቶች ሥልጣን ነበር፤ በተሰየመው ኮሪደር ውስጥ ግን ግዛቱ ፈቃዱን ከአንድ ዓመት በላይ ይዞ ከቆየ የፌዴራሉ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ራሱ ሊፈቅድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ኩባንያው አልሸጥም ያለውን ባለመሬት ፍርድ ቤት ወስዶ፣ ካሳ ከፍሎ፣ መሬቱን ሊጠቀምበት ነው። እንግዲህ ገበሬው ከኩባንያና ከግዛቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዋሽንግተን ጋር ሊሟገት ሆነ ማለት ነው።

ሚኒስቴሩ በ2006 ጥናቱን አወጣ። ሕመሙ የጠናው በሁለት ቦታ ነው አለ፤ ከኒው ዮርክ እስከ ሰሜን ቨርጂኒያ ባለው የአትላንቲክ ዳርቻና በደቡብ ካሊፎርኒያ። በጥቅምት 2007 ሁለት ኮሪደር ሰየመ። ኮሪደር ሲባል ጠባብ ነገር ይመስላችኋል። የአትላንቲኩ ብቻውን 300,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ሩብ በላይ ማለት ነው። ኒው ጀርሲንና ዴላዌርን እንዳሉ፣ ዋሽንግተን ዲሲንም ጭምር፣ ከኦሃዮ፣ ከዌስት ቨርጂኒያ፣ ከፔንሲልቬኒያ፣ ከኒው ዮርክ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ደግሞ የተወሰኑ ክፍሎችን ያካትታል። ተራራው ላይ የሚኖረው የዌስት ቨርጂኒያ ሰው ቁጣ ይገባኛል። የድንጋይ ከሰሉን እዚያ እያቃጠሉ፣ ጭሱን ለሱ ትተው፣ መብራቱን በሱ መሬት ላይ አሳልፈው ወደ ምሥራቅ ከተሞች ሊወስዱ ነው። እሱም «የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም።

ከዚያ ክሱ መጣ። በየካቲት 2009 መቀመጫው ሪችመንድ ቨርጂኒያ የሆነው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ፈቃድን «ይዞ መቆየት» ማለት «አልፈቅድም ብሎ መልስ መስጠት» ማለት አይደለም ብሎ ፈረደ። ግዛቱ በግልጽ እምቢ ካለ የፌዴራሉ ኮሚሽን ሊሽረው አይችልም። በአንዲት ቃል ትርጉም የሕጉ ጥርስ ወለቀ። የሕግ ተመራቂዎች ደስ ብሏችሁ ፈገግ ስትሉ ይታየኛል!

ለእኔ ግን የሚበልጠው የ2011ዱ ነው። በዚያ ዓመት የካቲት በምዕራብ ያለው የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ2006ቱን ጥናትም፣ የ2007ቱን ሁለት ኮሪደሮችም ሻራቸው። ምክንያቱን አንብቤ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሕጉ «ከሚመለከታቸው ግዛቶች ጋር ተመካክረህ አጥና» ብሎት ነበር፤ ሚኒስቴሩ እንደሚገባ አልተመካከረም። ማስታወቂያ አውጥቶ «አስተያየት ያለው ይላክ» ማለትን እንደ ምክክር ቆጠረው። ስያሜው በአካባቢ ላይ ምን ያመጣል የሚለውንም አላጠናም። ፍርድ ቤቱ መጨናነቅ የለም አላለም። በሽታው አለ፣ ሐኪሙም አይቶታል፤ በሽተኛውን ግን አላናገረውም።

ስለዚህ ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። በዚህ ግቢ ስማር አንድ መምህራችን፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፣ የስምምነት ቅጹን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያስፈረመ ተለማማጅ ሐኪም ላይ የተቆጡት ቁጣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ኦፕራሲዮኑ ልክ ነበር፤ በሽተኛዋም ድናለች። «ታዲያ ምን አጠፋሁ?» አለ ልጁ። እሳቸው የመለሱለትን እዚህ አልደግመውም፤ ይህ መጽሔት የቤተሰብ ነው።

በዚያ ሕግ የፌዴራሉ ኮሚሽን አንድም መስመር ሳይፈቅድ ዓመታት አለፉ። በ2021 ምክር ቤቱ ሕጉን አደሰው። ግዛቱ በግልጽ እምቢ ቢልም የፌዴራሉ ኮሚሽን ሊፈቅድ ይችላል፤ ሚኒስቴሩም የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ወደፊት የሚጠበቀውን መጨናነቅ አይቶ ሊሰይም ይችላል። በ2022 ደግሞ በኮሪደሮች ውስጥ ለሚሠሩ መስመሮች ብድር 2 ቢሊዮን ዶላር፣ መስመር ለሚያልፍባቸው ግዛቶችና ማኅበረሰቦች ድጋፍ ደግሞ 760 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ሁለተኛውን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ከመስመሩ በታች ሰው እንደሚኖር በገንዘብ ሲታወቅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

በግንቦት 2024 ሚኒስቴሩ አሥር ቦታዎችን በመጀመሪያ ደረጃ ለይቶ አወጣ። ከአሥሩ አንዱ የቨርጂኒያን፣ የሜሪላንድን፣ የዌስት ቨርጂኒያንና የፔንሲልቬኒያን ክፍሎች የሚነካ ነበር። በታኅሣሥ ሦስቱ ብቻ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አለፉ። አንዱ በኢሪ ሐይቅ በኩል ፔንሲልቬኒያን ከካናዳ የሚያገናኘው ነው። አንዱ በኮሎራዶ፣ በኒው ሜክሲኮና በኦክላሆማ ጥግ ነው። አንዱ ደግሞ በሁለቱ ዳኮታዎችና በነብራስካ በቀደምት ሕዝቦች ይዞታ በኩል የሚያልፈው ነው። የእኛ አካባቢ ቀረ። ሰፈሬ የሚያልፈው መስመር ግን ኮሪደር ኖረም አልኖረም በግዛቱ ኮሚሽን በኩል የሚታይ ስለሆነ፣ ሙግታችን አልቀረም።

ወደ ሙግቱ ልመለስ። ኮሚሽኑ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን ሲደርስ ጎረቤቶቼ ቤቴ መጡ። «አንቺ ሐኪም ነሽ፤ መስመሩ ለሕፃናት የደም ካንሰር ያመጣል ብለሽ መስክሪ፤ አንቺን ይሰሙሻል» አሉኝ። ሻይ አቅርቤ፣ ጊዜ ልውሰድ አልኳቸው። መረጃውን ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር፤ እንደገና አነበብኩት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2002 የእነዚህን መስመሮች መግነጢሳዊ መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚለው ምድብ ነው ያስገባው። ይህ የሆነው ከፍ ባለ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በኖሩ ሕፃናት ላይ በስታቲስቲክስ የታየ ደካማ ግንኙነት ስላለ ነው። መንስኤነቱ አልተረጋገጠም። መስኩ ደግሞ ከመስመሩ ራቅ ባሉ ቁጥር በፍጥነት ይቀንሳል። እኔ በዚያ መስመርና በእኛ ቤቶች መካከል ባለው ርቀት ለልጆቼ አልሰጋም። የማልሰጋበትን ነገር በሐኪም ካባ ቆሜ «አስጊ ነው» ማለት አልችልም። ይህን ነገርኳቸው። አንዲት ጎረቤቴ፣ ልጆቻችን አብረው ያደጉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን በአንገቷ ብቻ ነው የምትመልሰው።

ለማንኛውም ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶኝ ተናገርኩ። ስለ ካንሰር የሚታወቀውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። መስመሩ በሆነ በኩል ማለፉ እንደማይቀር አውቃለሁ አልኩ። የሚያናድደኝ ካርታው ተሥሎ ካለቀ በኋላ «አስተያየት ስጡ» መባላችን ነው፤ መንገዱ ሳይሳል ብትጠሩን ኖሮ በአውራ ጎዳናው ጠርዝ ይሂድ፣ በዳታ ሴንተሮቹ መሬት ላይ ይሂድ የሚል ሰው አይጠፋም ነበር፤ ከመሬት በታች ይቀበር የምንለውም ዋጋው ብዙ እጥፍ እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ቀድመን እንወያይ ነበር አልኩ። ከዚያ ስለዚያ አባት ልነግራቸው ጀመርኩ። «ጊዜሽ አልቋል» አሉኝ። ፊርማዬን ግን አላነሳሁም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር ከምሳ በኋላ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

እዚህ አገርስ? ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ በ500 ኪሎቮልት መስመር ወደ ሆለታ ይመጣል። በደስታችን መካከል ስለ መስመሩ ያነሳ ሰው ብዙ አልሰማሁም። መስመር ሲዘገይ ሁልጊዜ የምንሰማት አንዲት ሐረግ አለች፦ «የወሰን ማስከበር ችግር»። በዜና ስትነበብ የሆነ ዓይነት የአየር ጠባይ ትመስላለች። ውስጧ ያለው ሰው ነው፤ ማሳው ላይ የብረት እግር የሚተከልበት፣ የካሳው ግምት ያልገባው፣ ማታ ደግሞ ኩራዝ የሚያበራ። ስለ ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የመሳሰሉ ሕጎች አሉን። በካሳው ግምት ውስጥ ግን «ይህ መብራት የት ነው የሚሄደው?» ለሚለው ጥያቄ የተተወ ዓምድ አላየሁም።

የመጨረሻው ጉዳዬ ተግባራዊ ነው። ማኅበራችን ለሦስት ሆስፒታሎች ጄኔሬተር ለመግዛት መዋጮ እያሰባሰበ ነው። እኔም አዋጥቻለሁ፤ ይገዛ። ነገር ግን መብራት በየትኛው ክፍል፣ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ጄኔሬተሩ በስንት ደቂቃ እንደተነሳ የመዘገበ ሆስፒታል ካለ ጠይቄ ነበር። «ሁልጊዜ ይጠፋል» ነው ያሉኝ። «ሁልጊዜ ያመኛል» የሚለንን በሽተኛ እኛ ምን ብለን ነው የምንጠይቀው? መቼ፣ የት፣ ምን ያህል አይደለም? ያ መዝገብ ካለ የመብራት ኃይል ሰዎች ዘንድ ሄደን «የዚህ ሆስፒታል መስመር ይለይልን» ስንል ባዶ እጃችንን አንሄድም። የኢንጂነሪንግ ተመራቂዎች መዝገቡን አንብቦ የቱ የመስመር፣ የቱ የትራንስፎርመር፣ የቱ ደግሞ የቁልፍ ችግር እንደሆነ በመለየት እንዲረዱን እጠይቃለሁ።

ሃያ አራት ደብተር ይዤ መጥቻለሁ፤ ዓምዶቹን አስምሬባቸዋለሁ። ከደጅ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ በማዋለጃና በኦፕራሲዮን ክፍል የምትሠሩ በወጣችሁ ጊዜ አንድ አንድ ውሰዱ። የመጨረሻው ዓምድ «የጄኔሬተሩ ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው?» ይላል። እሱን ዛሬውኑ ሙሉት።